ቋጣሪዋ ምራቴ

ስለ ምራቴ ክፉ ልትነግሩኝ ከመጣችሁ ተራችሁን ጠብቁ። አማቷ እኔ ነኝ፤ ቅድሚያው የኔ ነው። ልጄ ካገባት ጀምሮ አንድ ጣሪያ ሥር ነን። መኝታዬንና መኝታቸውን የሚለየው አንድ መጋረጃ ነው፤ ሳሏን ሰምቼ ምን እያሰበች እንደሆነ አውቃለሁ። ስለዚህ ሰፈሩ «ይደር» እያለ የሚስቅባትን ሴት ለማማት ከኔ የቀረበ የለም። እኔ ስጨርስ የተረፈ ካለ እናንተ ትቀጥላላችሁ። የሚተርፍ ግን አይመስለኝም።

ልብስ ተኳሽ ናት። ከመንገዱ ማዶ ባለው ትልቁ የልብስ ማጠቢያ ድርጅት የሆቴልና የሆስፒታል አንሶላ ስትተኩስ ትውላለች። ልጄ ደግሞ ሴራሚክ አንጣፊ ነው። ሥራ ሲገኝ ደህና ያመጣል፤ ሳይገኝ ቤት ቁጭ ብሎ የራሳችንን ወለል በዓይኑ ሲለካ ይውላል። ሚጣ የምንላት ልጅ አለቻቸው። እኔ አለሁ። በቤቱ ካለነው ትልቁ አፍ የኔ ነው ይላል ልጄ፤ ለመብላት ይሁን ለማውራት አልጠየቅሁትም።

«ይደር» የሚለው ስም የመጣው ከቤታችን ሕግ ነው። እኛ ቤት አዲስ ነገር የፈለገ ሰው፣ ጫማ ይሁን ጭልፋ፣ ራት ላይ ጮክ ብሎ ይናገራል። እሷ «ጥሩ ነው፣ ይደር» ትላለች። አበቃ። ጠዋት ሻይ ላይ «ማታ ያልነው ነገር ተነሥቷል ወይስ እንደተኛ ነው?» ብላ ትጠይቃለች። ጉድ እኮ ነው! ማታ ያለሱ መኖር አልችልም ብዬ የማልኩበት ነገር ጠዋት ምን እንደነበር ይጠፋኛል። ያልተረሳው ሌላ ሌሊት ይጨመርለታል። ደጋግሞ በሕይወት የተነሣ ነገር ይገዛል፤ በዚህ አታጭበረብርም። የሚጣ የትምህርት ቤት ጫማ ተነሣ፣ ተገዛ። የልጄ አዲስ ስልክ ግን እስካሁን እንደተኛ ነው፤ ነፍሱን ይማር።

አንድ ቀን ደግሞ ቤት ለቤት የሚዞር ሻጭ የጭማቂ መፍጫ ይዞ መጣ። «እማማ፣ ዛሬ ምንም አይከፍሉም፤ በወር በወር ነው። ለእርስዎ ጤና እኮ ነው» ሲለኝ ቅልጥ አልኩ። ከስንት ጊዜ በኋላ ነው ለጤናዬ የሚያስብ ሰው የተገኘው! መፍጫውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ ስጠብቃት ከሥራ ገባች፣ አየችው፣ «ይደር» አለች።

«እኔ አላድርም፣ ዛሬ ነው የምሞተው!» አልኳት።

«ይደሩ እማማ። ጠዋት ፍራፍሬውን ከየት እንደምናመጣ ይነግሩኛል።»

ሻጩ ከነመፍጫው ሄደ። አንድ ሳምንት አኮረፍኳት። ማኩረፌን ያወቀችው ግን በስተመጨረሻ ይመስለኛል፤ ሳኮርፍ ብዙ ስለማወራ።

ሰዉ ቋጣሪ ይላታል። ቋጣሪ ማለት የተራበ ሰው እያየ ኪሱን ጭብጥ የሚያደርግ ነው። እሷ የምትይዘው ብር የሚያፈሰውን ቀዳዳ ነው። እኛ ቤት ስትገባ መጀመሪያ ያደረገችው ምንም ሳትናገር ማየት ነበር። እኔ ዘይት በትንንሽ ፌስታል፣ ስኳር በሲኒ፣ ሳሙና በግማሽ እየገዛሁ ጠዋት አንዴ ማታ አንዴ ባለሱቁ ጋ እመላለሳለሁ። በየደርሶ መልሱ አንድ ያላሰብኩት ነገር ይዤ እመለሳለሁ፤ ብስኩት፣ ማስቲካ፣ ወሬ። አየች፣ አየችና «እማማ፣ ድሃ እኮ በውድ ነው የሚገዛው፤ በጥቂት በጥቂቱ ስለሚገዛ» አለችኝ። ከዚያ ሁለት ጎረቤቶች አስተባብራ ዱቄቱንና ምስሩን በጆንያ፣ ዘይቱን በጀሪካን እየገዙ ይካፈሉ ጀመር። ባለሱቁ ተቀየመ። «ይደር» ብሎ ስም ያወጣላት እሱ ነው፤ ንግዱ ስላላደረለት።

ደሞዝ ቀን በቀጥታ ወደ ቤት አትመጣም። በባንክ በኩል ዞራ የሚቀመጠውን አስቀምጣ ነው የምትገባው። «ከተረፈ አስቀምጣለሁ ያለ ሰው ተርፎት አያውቅም» ትላለች። ሳትበላ ገበያ አትወጣም፤ እኔንም ሳልበላ አታወጣኝም። «በራበው ሆድ የተገዛ ነገር ግማሹ ይጣላል» ትላለች። ምሳዋን ከቤት ይዛ ነው የምትሄደው። ሰው የሌለበት ክፍል መብራት በርቶ ካየች የሞተ ሰው ያየች ነው የሚመስላት። እኔስ? ሦስት ማንኪያ የነበረውን የሻይ ስኳሬን አንድ አደረገችብኝ። ይህን እስከ መቃብር ነው ይዤባት የምሄደው።

አንድ ቀን ነደደኝ። አንሶላ አብረን እያጠፍን ነበር።

«አንቺ ልጅ፣ ይሄ ሁሉ የሚጠራቀመው ለምንድን ነው? ባልሽ የሴራሚክ መቁረጫ ማሽን ልትገዛልኝ ነው ይላል። ሚጣ ብስክሌቴ ነው ትላለች። እኔ ደግሞ ቀብሬ መስሎኛል።»

ሳቀች። ከዚያ ሳቋን ዋጥ አድርጋ ስለ እናቷ ነገረችኝ። እናቷ የሰው ልብስ አጣቢ ነበረች። የምታጥብለት ሰውዬ በእንግዶቹ ፊት ይዘልፋታል፣ ይቀልድባታል፤ እሷም አብራ ትስቃለች። ምራቴ በሕፃንነቷ ጥግ ቆማ ይህን ታያለች። አንድ ቀን «እማዬ፣ ለምን ትስቂለታለሽ?» ብትላት «ቤት ዱቄት የለማ!» አለቻት።

«እምቢ ለማለትም እኮ ስንቅ ያስፈልጋል እማማ» አለችኝ።

ዝም አልኩ። እኔ ዝም ያልኩበት ቀን በሰፈሩ የሚወራ ነው።

ስንቁ የሚፈለግበት ቀንም መጣ። እነሱ ጋ ያለው ማሽን ትልቅ የጋለ የብረት ጥቅል ነው፤ አንሶላውን በፊት ይጎርስና በኋላ ተኩሶ ይተፋል። እጅ እንዳይጎርስ ከፊቱ አንድ ዘንግ አለው፤ ዘንጉ ሲነካ ማሽኑ ቀጥ ይላል። አንሶላ ሲነካውም ይቆማል፤ ያኔ ሥራ ይጓተታል። ሥራ አስኪያጁ መጓተቱ አንገሸገሸውና ዘንጉን በሽቦ አሳስሮ አረፈው። ከሠራተኞቹ ሁሉ በዕድሜ ትንሿ፣ ቀጭኗ የሚሏት ልጅ፣ የተጨማደደ አንሶላ ላቃና ስትል ማሽኑ ቀኝ እጇን ጎረሰው። ምራቴ ናት ሮጣ ማሽኑን ከሶኬቱ የነቀለችው። የዚያን ዕለት ቤት ገብታ ራት አልቀመሰችም፤ ጩኸቷ ከጆሮዬ አልወጣ አለ እያለች እጇን ስታሻሽ አመሸች።

ሥራ አስኪያጁ ሽቦውን ወዲያው አስፈታ። «በስልክ ስታወራ ነው። አላርፍ ያለች ጣት!» አለ አሉ፣ እየሳቀ። የልጅቷ ጣት እንደዚያ ሆኖ! ይህን ስሰማ ደሜ ፈላ። ጥፋቱ የሷ ነው ከተባለ ሕክምናዋ በራሷ ነው፣ ካሳ የሚባል ነገር የለም፤ እጇ እንደተኮማተረ ይቀራል። ጥፋቱ የድርጅቱ ነው ከተባለ ግን ያሳክማታል፣ ይክሳታል። ከሠራተኛ ጉዳይ ቢሮ ተቆጣጣሪ ሊመጣ መሆኑን ሲሰማ ሠራተኞቹን ሰበሰበና «ሽቦ የሚል ቃል ከአፉ የወጣ፣ ዳቦውን ሌላ ቦታ ይፈልግ» አላቸው።

ማታ ራት ላይ ነገረችን። ልጄ ማንኪያውን አስቀመጠ።

«ዝም አይነቅዝም» አለ። «አንቺ ብቻሽን ተናግረሽ ምን ታመጫለሽ? እኔ አሁን ሥራ የለኝም። ያለችው ብር ደግሞ የማሽኔ ናት። ማሽኑ ካለኝ እኮ ትልልቁን ሥራ እይዛለሁ። ከቆጡ አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዳንባል።»

«የማሽንህ ናት» አለችው። «ካፌ ከተረፈች።»

«ይነቅዛል!» አልኩ እኔ። አልቻልኩም። «ምስር እንኳ ሲቆይ ይነቅዛል፤ ዝምታ አይነቅዝም ያለህ ማን ነው?»

ልጄ ተቆጥቶ ተነሣ። ፈርቶ ነው፤ እኔ የወለድኩት ነውና አልፈርድበትም። እኔም ፈርቼ ነበር። የሰው ልጅ አፍ ሲከፍት የቤቱ በር ይዘጋበታል፤ ስንቱን አይቻለሁ። ምራቴ ግን ወደኔ ዞር አለች።

«እርስዎስ ምን ይላሉ፣ እማማ?»

«እኔ ስኳሬን የተውኩት ለምን ይመስልሻል?» አልኳት።

ተቆጣጣሪዋ በመጣችበት ቀን ምራቴ ምሳዋን ረስታ ሄደች። ምሳዋን! ምሳ ገዝቶ መብላት ለሷ ቤት እንደማቃጠል ነው። ልቧ ከሷ ጋር እንዳልሆነ ገባኝና ምሳ ዕቃውን አንጠልጥዬ ሄድኩ። በሩ ላይ ያለው ሽበታሙ ዘበኛ ያውቀኛል፤ «ይግቡ እማማ፣ እዚያች በር ሥር ይቀመጡ» አለኝ። በእንፋሎት ውስጥ ተቀመጥኩ። ቤቱ የሳሙናና የጋለ ጨርቅ ሽታ አለው፤ ላብ ከአንገቴ እስከ ወገቤ ወረደ።

ተቆጣጣሪዋ መነጽር ያደረገች ሴት ናት። ሥራ አስኪያጁ ከጎኗ አይጠፋም፤ እጁን ኋላው አድርጎ እያንዳንዷን ሴት ዓይን ዓይኗን ያያታል። ጥያቄው አንድ ነው፦ አደጋው የደረሰ ዕለት ዘንጉ ይሠራ ነበር ወይ? የመጀመሪያዋ «ይሠራ ነበር» አለች። ሁለተኛዋ ወለሉን እያየች «ይሠራ ነበር» አለች። ሦስተኛዋም እንደዚያው። ክፉ ሴቶች አይደሉም። አንዷን ቤቷ ድረስ አውቃታለሁ፤ ድስቷ ከዚያ ሆኖ ይታየኝ ነበር፣ ባዶውን።

ከዚያ ተራው ምራቴ ጋ ደረሰ።

«አይሠራም ነበር» አለች። «በሽቦ ታስሮ ነበር። ሽቦው የተፈታው ልጅቷ ሆስፒታል ከተወሰደች በኋላ ነው።»

ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ሥራ አስኪያጁ ፈገግ ለማለት ሞከረ።

«አንቺ፣ ነገ ምን ልትበዪ ነው?» አላት።

«ምስር።»

«ምን?»

«ምስር። ከነገ ወዲያም ምስር ነው። እርስዎ አያስቡ።»

ሳቄ አመለጠኝ። በሩ ሥር ተቀምጬ፣ ምሳ ዕቃ ታቅፌ፣ እንደ ሕፃን ተንከተከትኩ። ሰውየው ዞሮ አፈጠጠብኝ፤ እኔም አፈጠጥኩበት። በማፍጠጥ የሚበልጠኝ ሰው ገና አልተወለደም።

ተቆጣጣሪዋ ግን ደስ የሚል ነገር አልተናገረችም። «ሦስት ሰው ይሠራ ነበር ብሏል፤ አንድ ሰው አይሠራም ብሏል። በዚህ ብቻ መወሰን አልችልም። መዝገቡን ግን አልዘጋውም፤ ሌላ የሚያውቅ ሰው ካለ ቢሮ ይምጣ» ብላ ቦርሳዋን ዘጋች። ምራቴ የዚያኑ ከሰዓት ተባረረች። ቤት ገብተን ምሳዋን ከሰዓት በኋላ በላች፤ ቀዝቅዞ ነበር፣ ያሙቁልኝ አላለችም።

ሥራ አስኪያጁ «ወሩ ሳይሞላ እያለቀሰች ትመጣለች» ማለቱን ሰማን። ሰማንና ወሩን ጀመርነው። ዋሽቼ ቀላል ነበር አልላችሁም። ጠዋት ስነቃ መጀመሪያ የሚመጣብኝ ፍርሃት ነው። ልጄ ማሽን የሚለውን ቃል አንሥቶ አያውቅም፤ ከሚስቱ ጋርም በወጉ አይነጋገርም፤ እየወጣ ሥራ ይፈልጋል፣ አንዳንዴ ያገኛል። ቀጭኗ እጇን በፋሻ ጠቅልላ ትመጣና ከሚጣ ጋር ትቀመጣለች፤ ሐኪሙ ሁለተኛ ቀዶ ሕክምና ካልተደረገላት ጣቶቿ አይዘረጉም ብሏል፤ ወጪውን የሚሸፍን ግን የለም። ባለሱቁ በደጁ ሳልፍ «እማማ፣ ሥራውንም ይደር አለችው እንዴ?» ይለኛል። «አዎ፣ ያንተን ንግድ አብሮ እንዲያድር» አልኩት። ምራቴ ሰዉ ሁሉ እንደሚጠብቀው አልተንበረከከችም። ማለዳ ተነሥታ ቤቱን ትጠርጋለች፣ ሥራ ስትጠይቅ ትውላለች፣ ማታ ከጆንያው ለክታ ትሰጠኛለች።

ወሩ ሞላ። ዓርብ ቀን ምሳ ላይ በሩ ተንኳኳ፤ ሽበታሙ ዘበኛ ነው። ኮፍያውን አውልቆ ቆመ።

«ሥራ አስኪያጁ ልኮኝ ነው። 'ተሳስቼ ነው የተናገርኩት ብላ ትፈርምና ሰኞ ሥራዋን ትጀምር' ብሏል።»

«ጋሼ፣ መጀመሪያ ምሳ ይብሉ» አለችው ምራቴ።

ተቀመጠ፣ ቀረበለት፣ በላ። እየበላ ዓይኑ ጥግ ጥጉን ይዞራል፤ ጆንያውን፣ ጀሪካኑን፣ የታሸጉትን ጣሳዎች ያያል።

«ወር ሙሉ በዚህ ነው የኖራችሁት?»

«ወር ሙሉ» አልኩት።

«ሰው ደጅ ሳትሄዱ?»

«የማን ደጅ? የኛ በር ምን ሆነና!»

ሰውየው ማንኪያውን አስቀመጠ። 

«ሽቦውን የገዛሁት እኔ ነኝ» አለ። «ከብረታ ብረት ሱቅ ገዝተህ ና ብሎ ላከኝ፣ ገዝቼ መጣሁ። ሲያስሩትም ጫፉን ይዤላቸዋለሁ። የልጅቷ ጩኸት በር ድረስ ተሰምቶኛል። ተቆጣጣሪዋ በር ላይ በፊቴ አልፋ ስትሄድ ደህና ዋዪ ብዬ ሸኘኋት። እኔ ቤት አምስት ነፍስ አለ። ሰኞ ብባረር ማክሰኞ የሚላስ የለም። ምን ላድርግ? እስቲ ንገሩኝ፣ ምን ላድርግ?»

 ልጄ ሳህኑን እያየ ነው። 

ምራቴ ተነሣች። የክብሪት እንጨት ስታባክኑ አየሁ ብላ የምትቆጣን ሴት ጆንያውን ከጥጉ ጎትታ አወጣችው። ባዶ ጆንያ አመጣችና ዱቄቱን እየሰፈረች ከሁለት ትከፍለው ጀመር። ምስሩንም እንደዚያው። ዘይቱን በጠርሙስ ቀዳች።

«ይሄ ለኛ ሁለት ወር ነበር» አለችው። «አሁን ለሁላችንም አንድ አንድ ወር ነው። በወሩ ውስጥ ሁላችንም ሥራ እንፈልጋለን። ዛሬውኑ ቢሮ ሄደው የነገሩንን ይናገሩ፤ እኔም አብሬዎት እሄዳለሁ።»

 አበድሽ እንዴ ልላት አፌን ከፈትኩ። በዚያ ጆንያ ውስጥ እኮ የኔ ሻይ አለ፣ የልጄ ማሽን አለ፣ የሚጣ ብስክሌት አለ! ግን አፌ እንደተከፈተ ቀረ። ምክንያቱም ልጄ ተነሥቷል። ወር ሙሉ ያኮረፈው ልጄ ጎንበስ ብሎ ጆንያውን ትከሻው ላይ አደረገ።

«ቤትዎ ወዴት ነው ጋሼ?» አለው። «ይሄን እኔ አደርስልዎታለሁ። እናንተ ቢሮው ሳይዘጋ ድረሱ።»

ዘበኛው ኮፍያውን ማድረግ ረስቶ ወጣ። ሲሄዱ በር ላይ ቆሜ አየኋቸው፤ ልጄ በአንድ በኩል፣ እሷና ሰውየው በሌላ በኩል። ከዚያ ገብቼ ወለሉ ላይ የፈሰሰውን ዱቄት በእጄ አፈስኩ። አለቀስኩ። ከንዴት ነው ብላችሁ ጻፉልኝ።

ሰውየው ለተቆጣጣሪዋ ሁሉንም ተናገረ፤ ሽቦውን የሸጠውን ሱቅ ሳይቀር። ቀጭኗ ሁለተኛው ቀዶ ሕክምና ተደረገላት፣ ወጪው በድርጅቱ ነው፤ ካሳዋም ተወሰነ። ዘበኛው እንደፈራው ሰኞ ተባረረ። ማክሰኞ ቤቱ ድረስ ሄጄ አየሁ፤ በልተው ነበር።

ሥራ አስኪያጁ «እነዚህ ሰዎች በማን ተማምነው ነው?» ብሎ ይጠይቃል አሉ። ከጀርባቸው ትልቅ ሰው ያለ መስሎታል። አለ እንጂ! እዚሁ ነኝ፤ መጥቶ ይጠይቀኝ።